ጥር ላይ ቆላ መውረድ፦ ከአዲስ አበባ እስከ አባይ በረሃ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ከመነሳቴ በፊት

አራት አመት ሙሉ "ዘንድሮማ እሄዳለሁ" እያልኩ ነው የኖርኩት። 26 አመቴ ነው፣ አዲስ አበባ አንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በልቤ ያለው ግን አደን ነው፣ ጅግራና ሚዳቋ ማሳደድ ሳይሆን ትልቁ አደን፣ ጎሽ። አያቴ ጎሽ ገዳይ ነበር። ጎጃም ውስጥ ይሄ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ እዛ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ሰርግም ላይ ለቅሶም ላይ ሲፎከር የሚነሳው ይሄ ነው፣ እኔም በየሄድኩበት "የገዳይ ልጅ" እየተባልኩ አደግኩ ግን አንድ ቀን እንኳን የአውሬ ዱካ ተከትዬ አላውቅም ነበር።

ምክንያቱ ጊዜ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በአዋጅ 1156/2011 አንድ ሰራተኛ በመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን እረፍት አለው፣ ከዛ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ሲሰሙት ብዙ ነው። የኔ የት እንደሚገባ ልንገራችሁ፣ ሚዜ ስሆን ሶስት ቀን፣ ለተዝካር ሁለት ቀን፣ ለፓስፖርት ሰልፍ ሁለት ቀን፣ እቃ ላጓጉዝ ቤት ልቀይር ምናምን እያለ አንድ አንድ ቀን ይሸራረፋል፣ የቀረችውን ደግሞ "ኦዲተር ሊመጣ ነው ወደሚቀጥለው አመት አስተላልፋት" ይሉሃል። ጓደኞቼ "ገንዘብ ስትይዝ ታድናለህ ምን አስቸኮለህ" ይሉኛል። ገንዘቡ እውነት ነው ያስፈልጋል፣ ጎጃም ያለው፣ ድሮ አዳኝ የነበረው አጎቴ ግን 71 አመቱ ነው፣ እሱ የሚያውቀውን ደግሞ በገንዘብ የሚሸጥልኝ ሰው የለም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልናገር፣ ጠብመንጃ ይዤ አልወረድኩም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው፣ ትልቁ አደን በህግ የሚሰራው ለአደን በተከለለ ቦታ፣ ለሚታደነው እንስሳ ፈቃድ ተከፍሎበት፣ ከባለሙያ አዳኝ ጋር ነው። የደጋ አጋዘንን ብትወስዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ እንስሳ ነው፣ የባሌና የአርሲ ተራራ ላይ፣ እሱም ቢሆን የሚፈቀደው ያረጀው ወንድ ነው። አንድ ቀን በህጉ በኩል እገባበታለሁ ብዬ እየቆጠብኩ ነው። ያን ቀን ግን ከአዳኙ ጋር ስቆም ንፋስ የት እንዳለ የማላውቅ፣ ዱካ ረግጬ የማልፍ ሰው መሆን አልፈልግም። ለዚህ ነው የሄድኩት፣ እግርና አይን ልማር። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሰራው፣ ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ ሐሙስ ሲደመር አራት ቀን ተኩል ፈቃድ ሞላሁ። አለቃዬ "ምን ልትሰራበት ነው" አለኝ፣ "አጎቴን ልጠይቅ" አልኩት፣ ፈረመልኝ።

ቀን 1፣ ቅዳሜ ጥር 23/2012

ሌሊት 11 ሰዓት ከአውቶብስ ተራ ተነሳን። ሱሉልታ፣ ገብረ ጉራቻ፣ ጎሃ ጽዮን፣ እስከዛ ድረስ እንቅልፍ ነው። ከጎሃ ጽዮን በኋላ ግን መንገዱ ገደል ውስጥ ይገባል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ዝንጀሮዎቹ አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው መኪና ያያሉ። ይሄን ገደል በልጅነቴ ስንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፣ ሁልጊዜ ግን ያየሁት ድልድዩን ነው። ዛሬ መጀመሪያ ጊዜ ገደሉን አየሁት፣ ውሃ የት ይጠጣል፣ ጥላ የት አለ፣ አውሬ ቢሆን በየት በኩል ይወጣል እያልኩ። ጎኔ የነበሩት ሴትዮ አንገቴን እንዲህ ሳስግ አይተው "ልጄ ያመሃል እንዴ" ብለው ሎሚ ሰጡኝ።

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አደርኩ። ገበያ ወርጄ አንድ ኪሎ ስኳርና ቡና ለአጎቴ ቤት፣ ለራሴ ደግሞ የላስቲክ ጫማ ገዛሁ፣ ይሄ ጫማ ኋላ ይነሳል።

ቀን 2፣ እሁድ ጥር 24

ከማርቆስ ወደ የጁቤ ሚኒባስ አለ። ከየጁቤ በኋላ በእግር ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፣ የጤፍ አውድማዎቹ ሁሉ ተወቅተው ገለባው ተከምሯል፣ ከብቱ ማሳ ላይ ተለቋል። አጎቴ አጥር ላይ ሆኖ አየኝ። "ኧረግ! መጣህ እንዴ!" ብሎ ዱላውን ጥሎ አቀፈኝ። አያ ነው የምንለው ሁላችንም፣ እኔም እናቴም።

የአቡዬ ተክለ ሃይማኖት ቀን ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ዝክር ነበር፣ ጠላው ተጠምቋል። ለሰዉ ሁሉ በብርጭቆና በጣሳ ሲቀዳ ለኔ ከግድግዳው ላይ አንድ ዋንጫ አወረዱልኝ። የጎሽ ቀንድ ነው። ጥቁር ነው ግን ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ጠርዙ ማር ይመስላል፣ አፉ ላይ በሰው ከንፈር ብዛት ተሟሽሾ ለስልሷል፣ ከስሩ አንድ ቦታ ላይ ስንጥቅ አለው በሰም ተደፍኗል። "የአባባ ነው" አለኝ አያ፣ አያቴን ማለቱ ነው፣ "ወንድሙ ሌላ ቤት አለ"። ወንድሙ ያለው ሁለተኛውን ቀንድ ነው። የማን ቤት እንዳለ ያን ቀን አልነገረኝም።

ከጎኑ ውጅግራው ተሰቅሏል፣ ጥይት የለውም፣ ከተተኮሰበት ዘመን አልፏል። ውጅግራ የፈረንሳይ ስሪት ነው፣ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው፣ 11 ሚሊ ሜትር። አባባ በዚች አንድ ጎራሽ ነው ፊት ለፊት የቆመው፣ ሁለተኛ ለመጉረስ መቀርቀሪያውን ስቦ ቀለሃውን አውጥቶ ሌላ ከዝናሩ መዞ ማስገባት አለበት፣ እስቲ ጎሽ እየመጣብህ ይሄን አስበው።

ማታ ለምን እስካሁን እንዳልመጣሁ ጠየቀኝ። "ጊዜ አጥቼ አያ" አልኩት። ሳይቆጣ፣ በእርጋታ ነው የመለሰልኝ፣

"እኛ ጊዜ እናገኝ ነበር መሰለህ? ጊዜው ራሱ አለ እንጂ። ውቂያ ታህሳስ ጥር ያልቃል፣ እርሻ እስኪጀመር በሬውም ሰውየውም ስራ የለው። ጥምቀት አለፈ ማለት ጎረምሳው ቆላ ወረደ ማለት ነው። ማንንም አናስፈቅድም፣ ያልወረደው ነው ምክንያት የሚጠየቀው።"

ይሄ ነገር ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። እኛ ቢሮ አመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ቀና አንልም፣ ጥር ግን ሁለተኛው ሩብ አመት ሪፖርት ከገባ በኋላ ጭር ያለ ነው። አራት አመት ፈቃድ ስጠይቅ የኖርኩት ክረምት ሲገባ ነበር፣ ሳሩ ሰው ሲውጥ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ለአደንም ለቢሮም በማይሆን ወቅት። ጥርን አንድም ጊዜ ጠይቄ አላውቅም።

ቀን 3፣ ሰኞ ጥር 25

አህያ የለም፣ ሁሉም በጀርባ ነው፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ ጋቢ። አያ ቁምጣውን ለብሶ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ፊት ፊት ይሄዳል፣ 71 አመት የሚባል ነገር እግሩ አልሰማም። ሞባይሌን እንዳጠፋው ነገረኝ፣ ለድምፁ አይደለም፣ "አይንህን ይወስዳል" ብሎ ነው።

ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን ማዶ ወለጋ ይታያል፣ አባይ ከስር አይታይም፣ ጉም የመሰለ ሙቀት ብቻ። ስንወርድ መጀመሪያ ግራሩ፣ ከዛ አባሎው፣ ከዛ ቅጠሉን ያራገፈው የእጣን ዛፍ ይመጣል። እና እዛ ጋ አያ ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ። የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ናት፣ ውስጧ የተነፋ አመድ ተቋጥሯል፣ እንደ ህፃን ጡጫ ታክላለች። በጣቱ ነካ ነካ ሲያደርጋት አመዱ በጨርቁ ቀዳዳ ይወጣና አየር ላይ ትንሽ ቆሞ ከዛ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የሚሄድበት በኩል ነው ነገሩ ሁሉ። ቅጠል በማይነቃነቅበት ሰዓት እንኳን አመዱ ይሄዳል፣ ይሄን ሳይ ገረመኝ።

የነገረኝን ሌሊት በባትሪ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሌሊትና ማለዳ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ደግሞ ሽቅብ ይነሳል። ስለዚህ ማለዳ ከአውሬው በታች ነው የምትሆነው፣ ረፈድ ሲል ዞረህ ከላይ። በመሃል ነፋሱ የሚቀያየርባት ሰዓት አለች፣ ያኔ ምንም አይኬድም፣ ይቀመጣል። ብዙ ጀማሪ የሚበላሸው እዛች ሰዓት ላይ ነው አለኝ።

ዋሻ ውስጥ አደርን፣ እረኞች የሚያድሩበት ነው፣ ጣራው ጥላሸት ነው። እሳት ዳር የሁለተኛውን ዋንጫ ነገር ጠየቅኩት። ዝም አለ፣ እንጨት ጨመረ፣ ከዛ ነገረኝ። አባባና ሁለት ጓደኞቹ ወደ ወምበራ ቆላ ዘጠኝ ቀን ተጉዘው ጎሽ አገኙ፣ አባባ ተኮሰ፣ ጎሹ ቆሰለና ሳር ውስጥ ገባ። መቆየት ነበረባቸው፣ ግን መሸ፣ ተጣደፉ፣ ደሙን ተከትለው ገቡ። የቆሰለ ጎሽ ዞሮ መጥቶ የራሱ ዱካ ዳር ይተኛል፣ ያሳደደውን ይጠብቃል። አንደኛውን ጓደኛውን ጭኑ ላይ ወጋው። አባባ ሁለተኛውን ጥይት እንዴት እንደጎረሰ ራሱም አያውቀውም ነበር፣ ከአምስት ክንድ ላይ ተኩሶ ጣለው። ሰውየውን በወሳንሳ ተሸክመው ተመለሱ፣ ዳነ ግን እድሜ ልኩን አነከሰ። አንደኛው ቀንድ እሱ ቤት ነው ያለው። አባባ እስኪሞት ድረስ በየአመቱ ከራሱ መሬት በፊት የዛን ሰውዬ መሬት ነበር የሚያርሰው።

"ፎክሮበት ያውቃል?" አልኩት።

"ሌሎች ይፎክሩለታል እንጂ እሱ ከአፉ ወጥቶት አያውቅም።"

እኔ በየለቅሶው የሰማሁት ፉከራ ውስጥ የሚያነክስ ሰው የለም።

ቀን 4፣ ማክሰኞ ጥር 26

ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ወደ ወንዙ ወረድን። አንድ ቦታ ላይ ሳሩ መሃል ዋሻ የመሰለ መንገድ አለ፣ ግራና ቀኙ ተጨፍልቆ፣ መሬቱ ጎድጉዶ። ልገባበት ስል አያ በሸሚዜ አንገት ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ሳይናገር እጁን አፌ ላይ አደረገ። እንዲህ እንዳለን ከላይ በኩል ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዛ ሳር ሲቀጠቀጥ፣ ከዛ ጥቁር ነገር ከፊታችን ምናልባት ሃያ እርምጃ ላይ እየተንገዳገደ የሚመስል ግን ፈጣን ሆኖ አለፈና ውሃው ቦጭ አለ። ጉማሬ ነው። ሌሊት ሳር ሲግጥ አድሮ ሳይነጋ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ የጎለመሰው ከ1,500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ በሱና በውሃው መሃል የቆመን ሰው አይምርም። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ይሄን አልደብቅም። ሲነጋ ዱካውን አሳየኝ፣ አራት ጣት፣ እያንዳንዱ እንደ ቡና ስኒ ማስቀመጫ ሰፍቶ።

አሸዋው ላይ ከዛ ሌላም ነበር። አያ ተንበርክኮ ሁለት ዱካ ጎን ለጎን አሳየኝና "የቱ የማን ነው" አለኝ። ለኔ ሁለቱም ውሻ ነው። አንደኛው ፊት ለፊቱ ላይ ትንንሽ የጥፍር ነጥብ አለው፣ አንደኛው የለውም፣ ክብ ነው፣ ንፁህ ነው። ጥፍር ያለው ጅብ ነው፣ ሁለተኛው ነብር ነው፣ ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሸጉጣል። ከዛ የጊዜውን ነገር አስተማረኝ። የጅቡ ዱካ ጠርዝ ላይ ጉንዳን መንገድ ሰርቷል፣ አሸዋው ተንኳኩቶ ወርዷል፣ ስለዚህ የማታ ነው። የነብሩ ጠርዝ ግን እንደተቆረጠ ነው፣ ጤዛ ያረጠበው አሸዋ ላይ ነው የረገጠው፣ የዛሬ ሌሊት ማለት ነው። ጣቱን ዱካው ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን ሲያዞር አይቼ እኔም አደረግኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

ረፈድ ሲል አመዱ ሽቅብ መሄድ ጀመረ፣ ዞረን ላይ ወጣን፣ አንድ ድንጋይ ስር ተኛን፣ ወደ ታች ውሃ መጠጫ ያያል። ሁለት ሰዓት ያህል። ዝንብ አይኔ ላይ ያርፋል አልነቃነቅም፣ ቁርጭምጭሚቴ ደነዘዘ። ከዛ ድኩላ ወጣ። ወንድ ነው፣ ቡናማው ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ቀንዱ እንደ ገመድ አንዴ ተጠምዝዞ ቀጥ ያለ። አርባ እርምጃ አይሞላም። አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ፣ ጆሮው ብቻ ይዞራል፣ አፍንጫው ሲርስ ይታየኛል። ልቤ ሲመታ ይሰማዋል ብዬ ፈራሁ።

አያ ዱላዬን በቀስታ ወደ ትከሻዬ ገፋልኝና በጆሮዬ "ያዝበት" አለኝ። ያዝኩ። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከታች አንድ ሶስተኛው ላይ፣ ልብ ያለበት፣ ይሄን በቪዲዮም በመጽሐፍም ሺ ጊዜ አይቼዋለሁ። "ያዝኩ" አልኩት። "ከኋላው ምን አለ?" አለኝ። አልገባኝም። "ከአውሬው ኋላ ምን አለ?" ድኩላው ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቷል። አይኔን አንስቼ ሳይ ከቁጥቋጦው በላይ ቀጭን መንገድ አለ፣ ፍየል ነው፣ ሶስት አራት ፍየል፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ አንድ የስምንት የዘጠኝ አመት ልጅ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይመጣል። ድኩላው ሰማው፣ አንዴ እንደ ውሻ ጮኸና ጠፋ።

ጠብመንጃ ቢኖረኝ ተኩሼ ነበር። እውነቱ ይሄ ነው። ልጁን ሳላየው ተኩሼ ነበር። ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ፣ አያም ምንም አላለኝም፣ ቆሎውን ከፍቶ መሃላችን አስቀመጠው።

ልጁ ጋ ወርደን በሶ በጥብጠን አብረን ጠጣን። ሶስተኛ ክፍል ነው፣ ፈረቃው ከሰዓት ነው፣ ገደሉን ወጥቶ ነው የሚማረው። አጋዘን አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት፣ "አባቴ አይቷል" አለኝ።

ቀን 5፣ ረቡዕ ጥር 27

መውጣት። የላስቲክ ጫማው ሁለቱንም ተረከዜን ላጠው፣ አያ ነጠላውን ቀዶ አሰረልኝ። የአዲስ አበባ ጂም ለዚህ ገደል ምንም አይጠቅምም፣ በየሃምሳ እርምጃው እቆማለሁ። ረቡዕ ስለሆነ ቋንጣው ተቋጥሮ ቀረ፣ ቆሎ ብቻ እየበላን ወጣን። ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ከመድኃኔዓለም የሚመለሰው ሰው "ምን ገደላችሁ?" ይላል። አያ ለሁሉም አንድ መልስ ነው የሰጠው፣ "ልጁ ዛሬ አየ"።

ማታ እግሬን በሞቀ የጨው ውሃ እያጠብኩ፣ እሱ መቼ እንደተወ ጠየቅኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ወርዶ ሰባት ቀን ሲዞር አንድ የጎሽ ኮቴ እንኳን አላገኘም፣ ባዶውን ተመለሰ፣ በዛው ጠብመንጃውን ሰቀለ። የደን ምንጣሮው፣ እርሻው ወደ ታች መውረዱ፣ መሳሪያው መብዛቱ፣ ሁሉንም ቆጠረልኝ፣ የራሱንም ጨምሮ። "እኛም ሴት ቀርቶ ግልገል አልማርንም" አለኝ። ይሄን ሲለኝ ድምፁ ተሰበረ።

ቀን 6፣ ሐሙስ ጥር 28

ስወጣ ቋጠሮዋን እጄ ላይ አደረገልኝ። "አመዱን በየሶስት ወሩ ቀይር፣ እርጥበት ከገባው አይሄድም" አለኝ። "ለከርሞ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በሳምንቱ እጠብቅሃለሁ፣ ካልመጣህ ምክንያትህን ይዘህ ና።"

የጁቤ፣ ማርቆስ፣ ደጀን። ሞባይሌን ከፈትኩት፣ አርባ ምናምን ሚሴጅ፣ ግማሹ ከቢሮ። አንዱን ብቻ መለስኩ፣ ለሰው ሃብት ክፍሏ ልጅ፣ ከጥር 13 እስከ ጥር 24/2013 ያለውን ቀን ከአሁኑ ያዢልኝ አልኳት። "ገና አመት አለው እኮ" ብላ ጻፈችልኝ። ይሁን፣ ፎርሙን ነገ ጠዋት እሞላለሁ አልኳት።

አባይ ድልድይ ጋ ለፍተሻ ውረዱ ተባልን። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ድንጋዩ ይፋጃል። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ቋጠሮዋን አወጣሁና ሁለቴ ነካ ነካ አደረግኳት። አመዱ ትንሽ ቆመ፣ ከዛ ከወንዙ ወደ ላይ፣ ወደ ደጀን በኩል ሄደ። ከላይ ገደሉ ላይ አውሬ ቢኖር ሸትቼዋለሁ።